በድሮ መልክ የሚሠሩ መካኒካል የመጥለቂያ ሰዓቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች እጄ ላይ ያለውን ሰዓት አይተው ወሬ ከሚጀምሩ ሰዎች የሚመጡ ናቸው። አንዳንዱን በሁለት መስመር እመልሳለሁ፤ አንዳንዱ ግን ረዘም ያለ ወሬ ይፈልጋል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጥለቂያ ሰዓት ከሌላው በምን ይለያል?

ውሃ የማያስገባ ሰዓት ሁሉ የመጥለቂያ ሰዓት አይደለም። የዚህ ሰዓት ዋና ሥራ ጠላቂው ውሃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ማሳየት ነው። በመስታወቱ ዙሪያ የሚዞረው ቀለበት የተሠራው ለዚህ ነው። ጠላቂው ሊወርድ ሲል ቀለበቱ ላይ ያለውን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ጋር ያጋጥመዋል። ከዚያ በኋላ መደመር መቀነስ የለም። ቆጣሪው የደረሰበትን ቁጥር ቀለበቱ ላይ ማንበብ ብቻ ነው።

ዛሬ የአብዛኞቹ ቀለበት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር የሰው ሕይወት ያተርፋል። ቀለበቱ በድንጋይ ተመትቶ ቢንሸራተት የሚያሳየው ያለፈውን ጊዜ አብዝቶ ነው፤ ጠላቂው ቀደም ብሎ ይወጣል። ወደ ሌላው አቅጣጫ መንሸራተት ቢችል ግን ገና ጊዜ ያለው ይመስለውና አየሩ እስኪያልቅ እታች ይቆያል።

ዓለም አቀፍ መለኪያም አለው፤ አይኤስኦ 6425 ይባላል። ቢያንስ 100 ሜትር መቋቋም አለበት። በጨለማ ከ25 ሴንቲሜትር ርቀት መነበብ አለበት። እያንዳንዱ ሰዓት ከተጻፈበት ጥልቀት 25 በመቶ በሚበልጥ ግፊት መፈተን አለበት። ሰዓቱ መቆሙ ወይም መሥራቱ በጨለማ መታወቅ ስላለበት፣ የሰከንድ ቆጣሪው ላይ የምታበራ ነጥብ የምትደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ መልክ ከየት መጣ?

ከ1953 ብንጀምር ጥሩ ነው። የፈረንሳይን የውጊያ ዋናተኞች ክፍል ያቋቋሙት ሮቤር ማሉቢዬና ክሎድ ሪፎ ለሰዎቻቸው የሚሆን ሰዓት አጥተው ነበር። የሚፈልጉትን በዝርዝር ያውቁታል፦ ጥቁር ገጽ፣ ትልልቅ የሚያበሩ ምልክቶች፣ የሚዞር ቀለበት። በዚያው ጊዜ ስዊዘርላንድ ውስጥ የብላንፓን ሰዓት ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ዣን-ዣክ ፊሽተር ራሱ ጠላቂ ነበር። ደቡብ ፈረንሳይ ሲጠልቅ ጊዜ ረስቶ አየር አልቆበት ያውቃል። የሁለቱ ወገን ፍላጎት ሲገናኝ ፊፍቲ ፋተምስ የተባለው ሰዓት ተወለደ። ስሙ ጥልቀቱን ይናገራል፤ ሃምሳ ፋተም (የባሕር ጥልቀት መለኪያ) 91 ሜትር ገደማ ነው።

ፊሽተር ሰዓቱን አውቶማቲክ ያደረገበት ምክንያት በጣም ደስ ይለኛል። በእጅ የሚሞላ ሰዓት በየቀኑ ቁልፉ ይነካል። በተነካ ቁጥር ውሃ የሚከለክለው ጎሚኒ ይበላል። ስለዚህ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ማሽን አስገባ። ሰዓቱ ላይ ያለ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ከጀርባው ችግር አለ።

በዚያው በ1953 ዞዲያክ ሲ ዎልፍን አወጣ። ሮሌክስ ሰብማሪነርን በ1954 በባዝል የሰዓት ትርኢት ላይ ለሕዝብ አሳየ። ኦሜጋ ሲማስተር 300ን በ1957 ይዞ መጣ። ጃፓን በ1965 በሴይኮ 62ማስ ገባች፤ 150 ሜትር ነበር። ዶክሳ በ1967 ብርቱካናማ ገጽ ይዞ ብቅ አለ። በዚያው ዓመት ሶቪየቶች ቺስቶፖል ከተማ ላይ ቮስቶክ አምፊቢያን ሠሩ። ዛሬ «የድሮ መልክ» የምንለው በአብዛኛው በእነዚህ 15 ዓመታት ውስጥ የተሳለውን ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምር። በ1968 ከሂሮሺማ አውራጃ አንድ ባለሙያ ጠላቂ ለሴይኮ ደብዳቤ ጻፈ፦ ሰዓቶቻችሁ እኛ የምንሠራበትን ጥልቀት አይችሉም የሚል። መሐንዲሶቹ ሰባት ዓመት ሠርተው በ1975 የታይታኒየም አካል ያለው የ600 ሜትር ሰዓት አወጡ። ዙሪያውን በሚከልለው ሽፋን የተነሳ ሰብሳቢዎች «ቱና» ይሉታል፤ የዓሣ ቆርቆሮ ስለሚመስል።

ጠላቂዎች ኮምፒውተር ያስራሉ። ታዲያ ይህ ለምን ይፈለጋል?

እውነት ነው። ኦርካ ኤጅ የተባለው የጠላቂ ኮምፒውተር በ1983 ከወጣ ወዲህ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ወደ መጠባበቂያነት ወረደ። ዛሬ ጥልቀትን፣ ጊዜን፣ የመውጫ ፍጥነትን ሁሉ ኮምፒውተሩ ያሰላል።

ሰው የሚወደው ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው የምንገዛው ዕቃ መልኩ የተወሰነው ገበያ ታይቶ ነው። የእነዚህ ሰዓቶች መልክ ግን የተወሰነው እታች ጨለማ ውስጥ ባለ ሰው ፍላጎት ነው። የደቂቃ ቆጣሪው ከሰዓት ቆጣሪው ጎልቶ የሚወፍረው ጠላቂው የሚፈልገው ደቂቃን ስለሆነ ነው። 12 ሰዓት ላይ ያለው ምልክት ከሌሎቹ የሚለየው፣ ጨለማ ውስጥ ሰዓቱ በየት በኩል እንደቆመ እንዲታወቅ ነው። ለጌጥ ተብሎ የገባ መስመር አይገኝበትም። ውበቱ የመጣው ከዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ማሽኑ ነው። በጀርባው በኩል መስታወት ያለው ካገኙ ጠጋ ብለው ይዩት። አንዲት ትንሽ ጎማ ፀጉር በመሰለች ሞላ ተይዛ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። በብዙዎቹ የስዊስ ማሽኖች በሰከንድ 8 ጊዜ ትመታለች። ባትሪ የለም፣ ሽቦ የለም። ክንድዎ ሲወዛወዝ ከባዱ ግማሽ ክብ ይዞራል፣ ሞላው ይጠቀለላል፣ ሰዓቱ ይሄዳል።

ዋናውን አሮጌውን መግዛት አይሻልም?

ለአንዳንድ ሰው ይሻላል። ለአብዛኛው አይሻልም ባይ ነኝ።

አንደኛ፣ ውሃ አይችልም ብለው ያስቡ። የ60 ዓመት ሰዓት መዝጊያው ጎሚኒ ቢቀየር እንኳ ብረቱ በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ በ1950ዎቹ የተሠሩት ብዙዎቹ የሚያበራ ቀለማቸው ራዲየም ነው። ራዲየም ግማሹ እስኪጠፋ 1,600 ዓመት ይፈልጋል። ቀለሙ ማብራት ካቆመ ቆይቷል፤ ጨረሩ ግን አለ። እጅ ላይ ማሰሩ ሳይሆን ከፍቶ መፋቁና አቧራውን መተንፈሱ ነው አደገኛው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰዓት ቤት ውስጥ አይከፈትም። ሦስተኛ፣ ገበያው በተቀያየሩ ክፍሎች የተሞላ ነው። ገጹ ከአንዱ፣ ቆጣሪው ከሌላው፣ አካሉ ከሦስተኛው የመጣ ሰዓት «ኦርጂናል» ተብሎ ይሸጣል።

አራተኛው ዋጋው ነው። ሮሌክስ በ1970ዎቹ ለእንግሊዝ ጦር የሠራቸው ሰብማሪነሮች ወደ 1,200 ገደማ ናቸው። ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሠራው ቶርኔክ-ሬይቪል ቲአር-900 ደግሞ ወደ 1,000 ገደማ ነበር፤ አብዛኛው በጨረሩ ምክንያት እንዲወገድ ተደርጓል። እንዲህ ያሉት በጨረታ ቤት ነው የሚታዩት።

በድሮ መልክ የተሠራ አዲስ ሰዓት ያንን መልክ ከነጤንነቱ ይሰጥዎታል። ዝናብ ሲመጣ እጅዎን መሸፈን የለብዎትም።

የድሮ መልክ ያላቸው ሁሉ አንድ ናቸው?

አይደሉም። መለየቱ ገንዘብ ያድናል።

የመጀመሪያው ዓይነት ፋብሪካው የራሱን አሮጌ ሰዓት መልሶ ሲሠራ ነው። ኦሜጋ በ2017 የ1957ቱን ሲማስተር 300 በ39 ሚሊሜትር መልሶ አመጣ። ሴይኮ በዚያው ዓመት 62ማስን መልሶ ሠርቶ 2,000 ብቻ አወጣ።

ሁለተኛው መንፈሱን ብቻ የሚወስደው ነው። ቱዶር ብላክ ቤይ 58 ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2018 ወጣ፤ 39 ሚሊሜትር ስፋት፣ 11.9 ሚሊሜትር ውፍረት። ቱዶር የሮሌክስ እህት ድርጅት ስለሆነ እሱም ሰብማሪነር የሚባል ሰዓት ይሠራ ነበር፤ አካሉ ከ1958ቱ የቱዶር ሰብማሪነር ሐሳብ ይወስዳል። ባለ አራት ማዕዘን የሰዓት ቆጣሪው ግን የመጣው ከ1969 ወዲህ ከተሠሩት ነው። የአንድ ሰዓት ግልባጭ አይደለም። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ዓይነት ነው፤ ፋብሪካው የራሱን ታሪክ ሲያነብ ያሳያል።

ሦስተኛው አነስተኛ ድርጅቶች የሚሠሩት ነው። የፈረንሳዩ ባልቲክ፣ የኒውዮርኩ ሎሪየር፣ የቫንኩቨሩ ሄሊዮስ ይጠቀሳሉ። የራሳቸው አሮጌ ሰዓት ስለሌላቸው የዘመኑን ቋንቋ ወስደው የራሳቸውን ይናገራሉ።

አራተኛው የሌላውን ሰዓት መልክ ቁጭ አድርጎ ስሙን ብቻ ቀይሮ የሚሸጠው ነው። ሕገወጥ አይደለም፤ ለመሞከሪያ የሚገዛው ብዙ ነው። ስሙንም የሚገለብጥ ከሆነ ግን ፎርጅድ ነው። ከሱ ጋር ወሬ የለኝም።

ሰብሳቢ ዓይኑ መጀመሪያ የት ያርፋል?

የኔ መስታወቱ ላይ ነው። የድሮዎቹ ፕላስቲክ መሰል አክሪሊክ ነበሩ። ሰዓቱን ዘንበል አድርገው በጠርዙ በኩል ሲያዩት ገጹ ይታጠፋል፣ ቁጥሮቹ ይለጠጣሉ፣ ቀለሙም ሞቅ ይላል። ይህን ስሜት ለመስጠት ብዙ አዳዲስ ሰዓቶች ሰንፔር መስታወት ከፍ አድርገው በጉልላት ቅርጽ ያስቆርጣሉ። ሎሪየር ደግሞ አክሪሊኩን ራሱን ነው የሚጠቀመው። አክሪሊክ ቶሎ ይጫራል፤ ግን በማለስለሻ ቅባት ሲታሽ ጭረቱ ይጠፋል። ሰንፔር አይጫርም፤ ከተሰበረ ግን ተሰበረ ነው።

ቀጥሎ የሚያበራው ቀለም ይመጣል። ከራዲየም በኋላ ትሪቲየም ነበር። የትሪቲየም ዘመን ሰዓት ከገጹ ግርጌ «ቲ» የሚል ፊደል አለው። ትሪቲየም በ12 ዓመት ገደማ ግማሹ ያልቃል፤ ቀለሙም ከነጭ ወደ ክሬም፣ አንዳንዴም ወደ ጥቁር ማር ይሄዳል። በ1990ዎቹ ጨረር የሌለው የጃፓን ሉሚኖቫ ተተካ። ችግሩ ሉሚኖቫ አያረጅም፣ ክሬምም አይሆንም። ስለዚህ ፋብሪካዎች ገና ከጅምሩ ክሬም ቀለም አድርገው ይቀቡታል። ሰብሳቢዎች በዚህ ላይ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ያልኖሩትን ዕድሜ ማስመሰል ነው ይላል። እኔ ፈዘዝ ያለ ክሬም ጥቁር ገጽ ላይ ያምራል ከሚሉት ነኝ። ብርቱካናማ እስኪሆን ሲሄዱበት ግን ይበዛብኛል።

ቀለበቱንም ያዙሩት። ጥሩ ቀለበት ሲዞር ጥርሱ ይሰማል፤ ሲቆም አይወላወልም። ብዙዎቹ አንድ ዙር ለመጨረስ 120 ጊዜ ጠቅ ይላሉ። ምልክቱ 12 ላይ ሲደርስ ልክ መሃል ላይ መቆም አለበት። ትንሽ ዘንበል ካለ ሁልጊዜ ያናድዳል።

ስፋቱ? ቀጭን እጅ ላይ ከ38 እስከ 40 ሚሊሜትር ያለው ይስማማል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ያሳስታል። ከላይኛው እስከ ታችኛው የቺንጊያ መያዣ ጫፍ ያለውን ርዝመት ይጠይቁ። ከእጅዎ አንጓ ስፋት ካለፈ ይቅርብዎ።

ውስን ተብሎ የወጣ ሁሉ ብርቅ ነው?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ።

ብላንፓን በ2003 የፊፍቲ ፋተምስን 50ኛ ዓመት ሲያከብር በሦስት ዙር 50፣ 50፣ 50 ሰዓት ብቻ ሠራ። በጠቅላላው 150 ነው። ይህ ብርቅ ነው። ከላይ ያነሳሁት የ2017ቱ ኦሜጋም ውስን ነው፤ ግን 3,557 ነው። ሰዓቱ ግሩም ነው፣ ብርቅ ግን አልለውም። ከጀርባው ላይ ቁጥር መቀረጹ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም።

በተቃራኒው ማንም ብርቅ ነው ያላለው ሰዓት ብርቅ ይሆናል። ሴይኮ ኤስኬኤክስ007 ከ1996 ጀምሮ እንደ ልብ ይገኝ የነበረ የሠራተኛ ሰዓት ነው። በ2019 ማምረት ቆመ። ዛሬ ንጹሑን፣ ክፍሉ ያልተቀያየረውን ለማግኘት ፍለጋ ነው። ሰው ስለለበሰው፣ ስለጠለቀበት፣ ስለፈታው ነው ያነሰው።

እኔ ብርቅ የምለው መጀመሪያ ጥሩ ሰዓት የሆነውን ነው። ጥቂት ብቻ ስለተሠራ የማይነበብ ሰዓት አይነበብም።

በትንሽ ገንዘብ ከየት ልጀምር?

ከቮስቶክ አምፊቢያ። አዲሱም ርካሽ ነው፣ 200 ሜትር ይችላል፣ የአሠራሩ ሐሳብም ከ1967 ወዲህ ብዙ አልተቀየረም። የጀርባ ክዳኑ ራሱ በብሎን መልክ አይዞርም፤ ለብቻው ባለ ቀለበት ነው የሚታሰረው። ጥልቀት ሲጨምር የውሃው ግፊት ክዳኑን ጎሚኒው ላይ ይበልጥ ይጫነዋል። ሰዓቱን የሚዘጋው ውሃው ነው ማለት ነው። መሙያ ቁልፉን ሲፈቱት ይወላወላል። ብዙ ሰው ተሰብሯል ብሎ ይደነግጣል። አልተሰበረም፤ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው።

ከፍ ሲል ሴይኮ አለ። በ2020 የወጣው ኤስፒቢ143 የ62ማስን መልክ በ40.5 ሚሊሜትር ይዞታል፤ ከተሞላ 70 ሰዓት ይሄዳል።

በ2023 ስዋች ከብላንፓን ጋር ያወጣው ባለ ቀለም ፊፍቲ ፋተምስም አለ። ሲወጣ ዋጋው 400 ዶላር ነበር። መካኒካል ነው፣ 91 ሜትርም ይችላል። ደስ የሚል ነገር ነው። ማሽኑ ግን ተፈቶ እንዲታደስ አልተሠራም፤ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ዕቃ ብለው አይግዙት።

ጊዜ አጠባበቁ እንዴት ነው?

ከርካሽ የባትሪ ሰዓት ያንሳል። የስዊስ ክሮኖሜትር ማረጋገጫ የሚፈቅደው በቀን ከ4 ሰከንድ መዘግየት እስከ 6 ሰከንድ መቅደም ነው። ርካሹ ማሽን ከዚያ ብዙ ሊስት ይችላል። በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ማግኔት ይዞት ይሆናል፤ ድምፅ ማጉያና የታብሌት ሽፋን ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ሰዓት ሠሪ ዘንድ በአንድ አፍታ ይለቀቃል።

200 ሜትር ተጽፎበታል። ልዋኝበት?

አዲስ ከሆነ ይዋኙ። መሙያ ቁልፉ እስከ መጨረሻው መጥበቁን ያረጋግጡ። ውሃ ውስጥ ሆነው አይንኩት። ከባሕር ሲወጡ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ሳውናና የሞቀ ሻወር ግን ይቅር፤ ሙቀቱ ጎሚኒውን ያላላዋል፣ እንፋሎትም ከውሃ ይልቅ ቶሎ ይገባል። ዘወትር የሚዋኙበት ከሆነ በዓመት አንዴ በግፊት ማስፈተን ነው።

ያገለገለ ስገዛ ምን ልይ?

ከሰዓቱ በፊት ሻጩን ይዩ። የሸጣቸውን ሌሎች፣ ሰው ምን እንዳለው፣ ጥያቄ ሲጠየቅ እንዴት እንደሚመልስ።

ከዚያ የቆጣሪዎቹ የሚያበራ ቀለም ከገጹ ጋር መመሳሰሉን ይመልከቱ። አንዱ ክሬም፣ ሌላው በረዶ ከሆነ አንዱ ተቀይሯል። የአካሉን ጠርዞች ይዩ፤ ስል መሆን የነበረበት ጠርዝ ሳሙና መስሎ ከለሰለሰ ብዙ ጊዜ ተሞርዷል። ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮና የማሽኑን ፎቶ ይጠይቁ። በርካሽ የሚሸጡ አሮጌ ሴይኮዎች ላይ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ። ብዙዎቹ ሕንድ ውስጥ ገጻቸው እንደ አዲስ የተቀባ ነው። ለአሮጌ ሰዓት ከመጠን በላይ የሚያንጸባርቅ፣ ፊደሉም ወፈር ያለ ገጽ ካዩ ይህንን ይጠርጥሩ።

ለትርፍ ልግዛ?

አይግዙ። የጥቂቶቹ ዋጋ ይወጣል፤ የብዙዎቹ ከሱቅ እንደወጣ ይወርዳል። ዋጋው ግማሽ ቢሆንስ አደርገው ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ይግዙት።

በኛ አቆጣጠር ልሞላው እችላለሁ?

ሰዓቱን በቀጥታ በሀበሻ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው አለ። ግን ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ ይህንን እመርጣለሁ። አንዳንድ የድሮ መልክ ያላቸው ሰዓቶች ቀለበታቸው ላይ በ60 ደቂቃ ፈንታ ከ1 እስከ 12 ተጽፎበታል። አዲስ አበባ ከሆኑ የቀለበቱን 12 ገጹ 6 ላይ ያቁሙት። ሰዓት ቆጣሪው ገጹ ላይ 7ን ሲያሳይ ቀለበቱ ላይ 1 ሰዓት ይላል። ሁለቱንም ባንድ እይታ ያነባሉ።

ዋሽንግተን ያለ ሰውም ይጠቅመዋል። በበጋቸው አዲስ አበባ በ7 ሰዓት ይቀድማል። በኛ አቆጣጠር ሲቆጠር ግን በቀለበቱ ላይ ያለው ልዩነት 1 ቁጥር ብቻ ነው። እዚያ ጠዋት 9 ሲሆን አገር ቤት 10 ሰዓት ነው፤ ከቀትር በኋላ። የቀለበቱን 10 ከገጹ 9 ጋር ማጋጠም ነው። በክረምታቸው ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ልዩነቱ 2 ይሆናል፤ ያኔ ቀለበቱን በአንድ ቁጥር ማዞር ይበቃል።